ምዕራፍ 5፦ ከባድ ድራማና የሚወደድ ተዋናይ

ከባድ ድራማ ማለት ሞት፣ ክህደት፣ ግፍና ጸጸት የታሪኩ ምሰሶ የሆኑበት፣ ተመልካቹን አሳስቆ ወይም አጽናንቶ ለመሸኘት የማይቸኩል የስክሪን ሥራ ነው። «ፊልሙ ይከብዳል» ሲባል ይኸው ማለት ነው። ሰው ግን እንዲህ ያለውን ሥራ የሚከፍተው ሁልጊዜ ታሪኩን ፈልጎ አይደለም። ብዙውን ጊዜ «ስለ ምንድን ነው?» ከሚለው የሚቀድመው ጥያቄ «ማን ይሠራበታል?» የሚለው ነው። ደም ማየት የማይወድ ሰው የሚያደንቀው ተዋናይ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ሲቀርብ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። የራሱ ኀዘን የሚበቃው ሰው የሚወዳት ተዋናይት የሟች እናት ሆና ስታለቅስ ለማየት ምሽቱን ይሰጣል። ተዋናዩ በከባድ ታሪክ ላይ ምን እንደሚጨምር ለመረዳት ልማዱ በኢትዮጵያ ካደገበት መንገድ መነሣት ይጠቅማል።

ከሰይጣን ቤት እስከ «አክተር»

አዲስ አበባ ውስጥ ተንቀሳቃሽ ሥዕል መታየት በጀመረበት ዘመን የማሳያው ቤት ከሕዝቡ ያገኘው ስም «ሰይጣን ቤት» ነበር። ግድግዳ ላይ የሚሮጠው ጥላ የማን እንደሆነ አልታወቀምና ሥራው ለሰይጣን ተሰጠ። ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ ቪዲዮ ቤቶች በየከተማው ሲስፋፉ ነገሩ ተገልብጦ ነበር። ጥላው ስም አግኝቷል። ፊልም በርዕሱ መጠራቱ ቀርቶ «የአርኖልድ»፣ «የቫንዳም»፣ «የአሚታብ» ይባል ጀመር።

በዚያው ዘመን «አክተር» የሚለው ቃል የራሱን ትርጉም ያዘ። በቪዲዮ ቤት ቋንቋ አክተር ማለት ማንኛውም ተዋናይ ሳይሆን ዋናው ጀግና ነው፤ የሚደበደብ፣ የሚቆስል፣ ግን የማይሞት። ልጆች ሰፈር ውስጥ ሲጫወቱ «አክተሩ እኔ ነኝ» ብለው የሚጣሉት ለዚህ ነበር። አክተሩ እስካለ ድረስ ታሪኩ ምንም ያህል ቢጨልም መውጫ አለው፤ የታወቀው ፊት ዋስትና ነው።

ከባድ ድራማ ይህንን ዋስትና ያፈርሳል። የሚወደደው ሰው ሊሞት ይችላል፤ ከዚያም የባሰው፣ ክፉው ሰው እሱ ራሱ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያም ሆኖ ተመልካቹ ፊቱን ተከትሎ መሄዱን አይተውም። ይህ ከቪዲዮ ቤት ዘመን አስቀድሞ በመድረክና በሬዲዮ የታየ ነገር ነው።

ፍጻሜው የታወቀ ታሪክ

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ማለፋቸውን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «ቴዎድሮስ» ሊያይ የሚገባ ሰው ንጉሡ ይሙቱ ይትረፉ ብሎ ልቡን አያንጠለጥልም። በ2010 ዓ.ም. ያረፈው ፍቃዱ ተክለማርያም ንጉሡን ሆኖ ሲጫወት ሰው ወንበር የሚይዘው ፍቃዱ ወደዚያች የመጨረሻ ሰዓት በምን ድምፅ፣ በምን አረማመድ እንደሚደርስ ለማየት ነበር። ጸጋዬ ወደ አማርኛ የመለሳቸው «ኦቴሎ»፣ «ማክቤዝ» እና «ሐምሌት»ም እንዲሁ ናቸው። ሦስቱም በሬሳ የሚያልቁ ታሪኮች ናቸው። ደግመው ደጋግመው የሚታዩት አዲስ ተዋናይ አሮጌውን ሞት አዲስ ስለሚያደርገው ነው።

በሬዲዮ ደግሞ ፊት እንኳ ሳይኖር ድምፅ ብቻውን ይህን ሥራ ሠርቷል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ገና ከርዕሱ ወዴት እንደሚያመራ የሚናገር መጽሐፍ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ግን አድማጭ ሬዲዮኑን ከብቦ ወደ መቃብሩ አብሮ ሄዷል። መጽሐፉን ብዙ ጊዜ ያነበበ ሰው እንኳ የገጸ ባሕርዩን የጉዱ ካሣን ንግግር ሲያስብ የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። አንድ ተዋናይ ከባድ ታሪክን ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

አስናቀ፦ የሚጠላና የሚጠበቅ ሰው

በቴሌቪዥን ዘመን የዚህ ነገር ትልቁ ማሳያ በ2000ዎቹ ዓ.ም. በኢቲቪ የቀረበው «ሰው ለሰው» ተከታታይ ድራማ ነው። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ባለጸጋ፣ ተንኮለኛና ጥቅሙ ከተነካ ለሰው ሕይወት የማይራራ ገጸ ባሕርይ ነበር። የታሪኩን ጨለማ ወደ ሳሎን ይዞ የሚገባው እሱ ነው። በየሳምንቱ ከሁሉ በላይ የሚጠበቀውም እሱ ነበር።

የአበበ አጨዋወት ትምህርት የሚገኝበት ነው። ክፉ ሰው ሲባል ጥርሱን የሚያፋጭ፣ የሚጮህ፣ ቅንድቡን የሚሰበስብ ሰው መሥራት የቀለለው መንገድ ነው። አስናቀ ግን በአብዛኛው በቀስታ የሚናገር፣ ልብሱ የተስተካከለ፣ ጨዋ አነጋገር የሚያውቅ ሰው ነው። ማስፈራራቱ ያለው በቃሉ ሳይሆን በዝግታው ነው። ተመልካቹ ይህ ሰው እየተቆጣ ነው ወይስ እየተደሰተ የሚለውን ለማወቅ ፊቱን ማጥናት አለበት። ፊቱን ሲያጠና ደግሞ ሳያውቀው ወደ ገጸ ባሕርዩ ይቀርባል። ጥላቻና ጉጉት በአንድ ወንበር የሚቀመጡት በዚህ መንገድ ነው።

በዓለም ሲኒማ ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። አንቶኒ ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣው «ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ» ሰው በላውን ሐኪም ሆኖ የታየው በድምሩ ከግማሽ ሰዓት ላነሰ ጊዜ ነው። ሆኖም የዓመቱ ምርጥ መሪ ተዋናይ ተብሎ የኦስካር ሽልማት ወስዷል። ተመልካች ከፊልሙ ይዞት የሚወጣው ያንን የማይርገበገብ ዓይን ነው።

ሕመም እንዴት ደስ ያሰኛል?

ሰው በሕይወቱ የሚሸሸውን ነገር በስክሪን ላይ ለምን ይፈልጋል? ጥያቄው የቆየ ነው። አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ስለ ቅኔ በጻፈው መጽሐፍ የኀዘን ተውኔት በርኅራኄና በፍርሃት አማካይነት እነዚያኑ ስሜቶች ያነጻል አለ። ልቅሶ ቤት ገብቶ፣ የሌላውን ሙት ምክንያት አድርጎ የራሱን ሙት አልቅሶ ቀለል ብሎት የሚወጣ ሰው የዚህን አባባል መንፈስ ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል።

ሁለተኛው መልስ የስኮትላንዳዊው ፈላስፋ የዴቪድ ሂዩም ነው። እ.ኤ.አ. በ1757 ባሳተመው ድርሰት፣ አሳዛኝ ነገር በተዋበ መንገድ ሲቀርብ የአቀራረቡ ውበት ከኀዘኑ ይበረታና የኀዘኑን ኃይል ወደ ራሱ ይስበዋል ይላል። ለተዋናዩ ሲባል ከባድ ድራማ የሚያይ ሰው የሚሆነው ይኸው ነው። ኀዘኑ አይጠፋም፤ ኃይሉ ግን ለአድናቆት ይውላል።

ሦስተኛው መልስ ከምግብ ገበታ የመጣ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ሮዚን ሰዎች የሚያቃጥል ቃሪያ ለምን እንደሚወዱ ለረጅም ጊዜ አጥንቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጽሑፍም የቃሪያን ማቃጠልና የአሳዛኝ ፊልምን እንባ በአንድ መደብ አስቀምጧቸዋል። አካል «አደጋ ነው» ይላል፤ አእምሮ ግን አደጋ እንደሌለ ያውቃል፤ ደስታው የሚገኘው በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ አሣ በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ በዳጣ የበላ ሰው ነገሩን በምላሱ ያውቀዋል። ዓይን ያለቅሳል፣ አፍንጫ ይፈስሳል፣ እጅ ግን ወደ ዳጣው ይመለሳል። ሰው ዳጣ የሚያምነው የሠሪዋን እጅ ሲያውቅ ነው። ከባድ ድራማም እንዲሁ፤ የታወቀው ተዋናይ የታወቀ እጅ ነው።

ተዋናዩ የሚጨምራቸው ሦስት ነገሮች

የመጀመሪያው መተማመን ነው። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጡት ጽሑፍ ተመልካች በስክሪን ከሚያየው ሰው ጋር የሚመሠርተውን የአንድ ወገን ትውውቅ ገልጸዋል። ተመልካቹ የተዋናዩን አሳሳቅ፣ ድካሙን፣ ድምፁ ሲሰበር እንዴት እንደሚሆን ያውቃል። ተዋናዩ ግን ተመልካቹን አያውቀውም። ትውውቁ የአንድ ወገን ቢሆንም ሥራ ይሠራል፤ ሰው ብቻውን የማይገባበትን ጨለማ ቤት ከሚያውቀው ሰው ጋር ይገባል። በአዲስ አበባ የተወለደችውን ሩት ነጋን ስሟን ሰምቶ መከታተል የጀመረ ተመልካች ቀላል ነገር አይገጥመውም። በዘር ልዩነት ሕግ መሠረት በትዳራቸው ምክንያት የተከሰሱ ባልና ሚስት ታሪክ የሆነው «ላቪንግ»፣ ደም የሚበዛበት ተከታታይ ድራማ «ፕሪቸር»፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ብሮድዌይ ላይ የቀረበው «ማክቤዝ»፣ በ2024 የወጣው የግድያ ክስ ድራማ «ፕሪዙምድ ኢነሰንት» ይጠብቁታል። ከርዕስ ወደ ርዕስ የሚያሻግረው መንገድ እሷ ራሷ ናት።

ሁለተኛው ድርብ እይታ ነው። የጋሞ ደጋ ሰዎች፣ በተለይ ዶርዜዎች፣ በሽመና የታወቁ ናቸው። ጥበብ ቀሚስ የለበሰች ሴት ስታልፍ መንገደኛ የሚያየው ቀለሙን ነው። ሸማኔ ግን ቀለሙንም ድርና ማጉንም አብሮ ያያል፤ ጥለቱ የት እንደተጀመረ፣ እጅ የት እንደደከመ ይለያል። ተዋናይን የሚወድ ተመልካች ከባድ ትዕይንት ሲያይ እንደ ሸማኔው ነው። በአንድ ዓይኑ ልጇን ያጣች እናት ያያል፤ በሌላው ዓይኑ ተዋናይቷ እንባዋን ስታቆየው፣ ትንፋሿን ስትቆርጠው ይከታተላል። የሁለተኛው ዓይን መኖር የመጀመሪያውን ከመታወር ያድነዋል። ፈረንሳዊው ደኒ ዲድሮ በ18ኛው መቶ ዘመን ተዋናይ ራሱ እንዲህ ድርብ ነው ብሎ ጽፏል፤ ታላቅ ተዋናይ ሌላውን የሚያስለቅሰው ራሱ በስሜት ሳይሰጥም፣ ሥራውን እየተቆጣጠረ ሲሄድ ነው። አዋቂ ተመልካች የዚህ ቁጥጥር ተካፋይ ይሆናል።

ሦስተኛው ንጽጽር ነው። ተዋናይ አዲስ ሚና ይዞ ሲመጣ የቀድሞዎቹን አስከትሎ ይመጣል። ብራያን ክራንስተን «ማልኮም ኢን ዘ ሚድል» በተባለ አስቂኝ ተከታታይ ሞኛሞኝ አባት ሆኖ ለዓመታት አስቋል። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2013 በቀረበው «ብሬኪንግ ባድ» ያው ሰው የኬሚስትሪ መምህር ሆኖ ጀምሮ አደንዛዥ ዕፅ አምራችና ነፍሰ ገዳይ ይሆናል። ቀድሞ ያሳቀ ፊት ሲጨልም ውድቀቱ እጥፍ ይረዝማል፤ ከየት እንደወደቀ ተመልካቹ ስለሚያውቅ።

ፊት የአንዱ፣ ድምፅ የሌላው

በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ የተዋናይ ፍቅር አዲስ መልክ ያዘ። በቃና መጀመሪያ ከታወቁት አንዱ «ጥቁር ፍቅር» የቱርክ የወንጀል ድራማ ነው። ታሪኩ የሚነሣው የአንድ ፖሊስ እጮኛና የአንዲት ሴት አባት በአንድ መኪና ውስጥ ተገድለው በመገኘታቸው ነው። ለገዳዩ ፍለጋ የተቀመጠ ተመልካች በኤንጊን አክዩሬክና በቱባ ቡዩኩስቱን ፊት ተይዞ ቀርቷል። ሆኖም የሚሰማው ድምፅ የእነሱ አይደለም፤ ፊቱን ሳይገልጥ ስቱዲዮ ውስጥ የሚተውን ኢትዮጵያዊ ድምፅ ነው።

ይህ የአንድን አጨዋወት ክፍሎች ለያይቶ ለማየት ዕድል ይሰጣል። ዓይን፣ አቋምና ዝምታ ከባሕር ማዶ ይመጣሉ። ትንፋሽ፣ ምሬትና ልመና እዚህ ይጨመራሉ። ከንፈሩ ሲዘጋ ቃሉ ካልዘጋ ትዕይንቱ ይበላሻል። ድምፁ ከፊቱ በላይ ካለቀሰም ኀዘኑ ወደ ማሾፍ ይቀርባል። ተመልካች «ይህን ተዋናይ እወደዋለሁ» ሲል የሚወደው የሁለት ሰዎች ሥራ መሆኑን ሁልጊዜ አያስተውልም።

ሴቻ ላይ

ተመልካቹ የሚያይበት ቦታም የተዋናይን ፍቅር ይለውጠዋል፤ አርባ ምንጭ ለዚህ ምሳሌ ናት። ከተማዋ ሁለት ሰፈር አላት። ሲቀላ ከታች፣ ገበያና መናኸሪያ የያዘች ናት። ሴቻ ከላይ፣ አባያንና ጫሞን፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይን ቁልቁል የምታይ ናት። አዲስ አበባ ከዚህ የብዙ ሰዓት መንገድ ነው፤ የብሔራዊ ቴአትርና የሀገር ፍቅር መድረኮችም የዚያኑ ያህል ይርቃሉ። የመጀመሪያው ጉዳይ ይህ ርቀት ነው፤ በተዋናይና በተመልካች መካከል ያለውን ነገር ይለውጠዋል። የአዲስ አበባ ሰው አንድን ተዋናይ መድረክ ላይ አይቶት፣ ነገ ደግሞ ፒያሳ ማኪያቶ ሲጠጣ ሊያገኘው ይችላል። ክፉው ሰው ከስክሪኑ ወርዶ ሒሳብ ሲከፍል ማየት ሚናውን ከሰውየው ይለያል። ሴቻ ላይ ይህ ማረሚያ በአብዛኛው የለም። ተዋናዩ የሚገኘው በዲሽ፣ በፍላሽ ተጭኖ በመጣ ፊልምና በስልክ ነው። ስለዚህ ምስሉ ይበልጥ የተሟላ፣ ይበልጥም ከገጸ ባሕርዩ ጋር የተጣበቀ ይሆናል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቋንቋ ነው። በብዙ የሴቻ ቤቶች ከአማርኛ ጎን ጋሞኛ ይነገራል። ድራማው በአማርኛ ይታያል፣ ክርክሩ ግን በሁለቱም ሊሆን ይችላል። አማርኛው ገና ለሚከብዳቸው አረጋውያን ደግሞ የተዋናዩ ፊትና አካል ዋናው ጽሑፍ ነው፤ ጥሩ ተዋናይ ቃሉ ሳይገባ ይገባል።

ሦስተኛው ከባህሉ የሚመጣው የፍርድ ስሜት ነው። በጋሞ ዘንድ ሕይወትን የሚያስተዳድረው ሥርዓት «ወጋ» ይባላል። ወጋ ሲጣስ የሚመጣው «ጎሜ» ነው። ጎሜ የጥፋቱም የመዘዙም ስም ነው፤ በሽታ፣ የሰብል መጥፋት፣ የቤት መናጋት ሆኖ ሊገለጥ ይችላል፤ ከአጥፊው አልፎም ለቤተሰብና ለአካባቢ ይተርፋል ተብሎ ይታመናል። መፍትሔው ጥፋትን መናዘዝና በሽማግሌዎች ፊት መታረቅ ነው፤ ሰው በአደባባይ የሚመክርበት ቦታም «ዱቡሻ» ይባላል። ይህንን ለሚያውቅ ሰው የከባድ ድራማ አካሄድ እንግዳ አይደለም። የተደበቀ ግፍ አለ፤ መዘዙ ንጹሑን ይነካል፤ ሳይነገር ሰላም አይመጣም። ከጥንታዊዎቹ ግሪኮች መካከል ሶፎክልስ «ኤዲፐስ ንጉሥ»ን የሠራው በዚሁ አሳብ ላይ ነው፤ አንድ ሰው ሳያውቅ በፈጸመው ጥፋት ከተማ ሙሉ በመቅሠፍት ይመታል።

ድራማው የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡ ወጣቶች ፊት የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው እንዳቆሟቸው በመላ አገሪቱ ይታወቃል። ከባድ ድራማ በአብዛኛው ሣር የሚይዝ ሰው የሌለበት ዓለም ነው፤ በገዳይና በተገዳይ መካከል የሚገባ አይኖርም። ያንን ባዶ ቦታ ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል። «ተው! አይሆንም!» ብሎ ወደ ስክሪኑ የሚጮኸው ለዚህ ነው፤ የሚያናግረውም ገጸ ባሕርዩን ብቻ ሳይሆን የሚያውቀውን ተዋናይ ጭምር ነው።

የፍቅሩ ልክ

ተዋናይን መውደድ ሁለት አደጋዎች አሉት። አንደኛው ሚናን ለሰውየው መስጠት ነው። አበበ ባልቻን «አስናቀ» ብሎ መጥራት የአድናቆት ምልክት ሊሆን ይችላል። ክፉ ሚና የተጫወተን ተዋናይ መንገድ ላይ መሳደብ ግን ሸማኔውን በጥለቱ ቀለም መክሰስ ነው።

ሁለተኛው የተገላቢጦሽ ነው፤ ለተዋናዩ ሲባል ክፋቱን ይቅር ማለት። ተመልካች የአንድን ሰው ፊት በቅርብ፣ ለረጅም ሰዓት ሲያይ ያንን ሰው ወደ መደገፍ ያዘነብላል። «ብሬኪንግ ባድ» ሲታይ ብዙዎች ከነፍሰ ገዳዩ ጎን ቆመው የምትቃወመውን ሚስቱን ጠሉ። ሚስቲቱን የተጫወተችው አና ጋን እ.ኤ.አ. በ2013 በኒው ዮርክ ታይምስ በጻፈችው ጽሑፍ ጥላቻው ወደ እሷ ወደ ራሷ መሻገሩን ገልጻለች። ለተዋናዩ ያለ አድናቆት ለገጸ ባሕርዩ ጠበቃ ሲሆን ድርብ እይታው ፈርሷል።

በአንጻሩ የተዋናይ ፍቅር ሰው በራሱ ፈቃድ ወደማይቀርበው እውነት ሊያደርሰው ይችላል። በ2006 ዓ.ም. ለዕይታ የበቃው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም «ድፍረት» ስለ ጠለፋ ነው። ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች ልጅና ለእሷ የቆመች ጠበቃ ታሪኩን ይመሩታል። ጠበቃዋን የተጫወተችው ሜሮን ጌትነት በ«ዳና» ተከታታይ ድራማ ብዙ ቤት የገባች ተዋናይት ነበረች። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚድንበት ድንጋጌ ነበር። ይህ የቀረው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው የወንጀል ሕግ ነው። ስለ ጠለፋ ሕግ ለመስማት ምሽቱን የማይሰጥ ሰው ለሜሮን ሲል ፊልሙን ሊያይና ጉዳዩን ይዞ ሊወጣ ይችላል።

ከባዱ ታሪክ የማይጠቅምበት ጊዜም አለ። የዳጣው ምሳሌ የሚሠራው አፍ ቁስል ከሌለው ነው። በቅርቡ የቤት ሰው ያጣ፣ ወይም በስክሪኑ የሚታየው ግፍ በራሱ ላይ የደረሰበት ሰው የሚያምነው ተዋናይ እንኳ ላያሻግረው ይችላል፤ ያን ጊዜ ማጥፋት ተገቢ ነው። ሕፃናት ደግሞ ተዋናይንና ሚናን ገና አይለዩም፤ የሚወዱት ፊት ሲገድል የሚያዩት መግደሉን ነው። አዋቂ አብሮ ተቀምጦ ካልለየላቸው ልዩነቱን በራሳቸው አያገኙትም።

አዋቂን ከሁለቱም አደጋ የሚያወጣው ተዋናዩ ራሱ ነው። ያ የተጠላ ፊት ሌላ ጊዜ በሌላ ድራማ ደግ አባት፣ የተበደለ ሠራተኛ ወይም ሞኝ ጎረቤት ሆኖ ይመለሳል። ተመልካቹ መጀመሪያ «ይህን ሰው አላምነውም» ይላል። ከዚያ አሳሳቁ ሌላ፣ አረማመዱ ሌላ፣ ዝምታው ሌላ እንደሆነ ያያል። ሚናው ሲለወጥ ያልተለወጠው ችሎታው ነው፤ ተመልካቹ ከመጀመሪያውም በጨለማው ውስጥ ሲከተለው የነበረው እሱን ነው።